ልጃችሁ ጆርጂያ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ፦ ስለ ኤስኤቲ ውጤትና ስለ ሆፕ ስኮላርሺፕ

የመጀመሪያው ልጄ ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ሁለት ጊዜ ተፈተነ። በመጀመሪያው እንግሊዝኛ 560፣ ሒሳብ 610 አመጣ። ድምር 1170። በሁለተኛው እንግሊዝኛውን 600 አደረሰው፤ ሒሳቡ ግን ወደ 580 ወረደ። ድምር 1180። እኔ ከሁለቱ ፈተና ትልቅ ትልቁን መርጬ ደመርኩ። 600 እና 610፣ 1210። ዜል ሚለር ለሚባለው ለጆርጂያ ትልቁ የኮሌጅ ስኮላርሺፕ የሚፈለገው ደግሞ 1200 ነው። እልልታዬን አቀለጥኩት። አዲስ አበባ ድረስ ደወልኩ።

አልተቆጠረም። ጆርጂያ ለትልቁ ስኮላርሺፕ የምትቀበለው በአንድ ቀን፣ በአንድ ቁጭታ የመጣ ውጤት ብቻ ነው። ከተለያየ ቀን እየለቀሙ መደመር ሱፐርስኮር ይባላል። ብዙ ኮሌጆች ለመግቢያ ይቀበሉታል፤ እኔንም ያሳሳተኝ ይሄው ነው። ለስኮላርሺፑ ግን አይሠራም። ይህን ያወቅነው ልጁ በ2019 ጋውኑን አውልቆ፣ ፎቶው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ነው። ያኔ ድጋሚ ልፈተን ቢል ማን ይሰማዋል?

ሁለተኛዋ ልጄ በ2025 ስትመረቅ ተሳካልን። እዚህ የምጽፈው በሁለቱ መካከል የተማርኩትን ነው። የትምህርት ባለሙያ አይደለሁም። ኤርፖርት የማታ ሽፍት እሠራለሁ፤ የምንኖረው አትላንታ አጠገብ፣ ክላርክስተን አካባቢ ነው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ወይም ቴክሳስ ያላችሁ ሕጋችሁ ሌላ ስለሆነ የኔን ቁጥር ይዛችሁ እንዳትሄዱ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ከልባችን እናውጣ። ማትሪክን። እኔ በ1987 ዓ.ም. ነው የተፈተንኩት። ዓመቱን ሙሉ ብትማር ባትማር፣ የሚወስነው ያ ጥቂት ቀን ነበር። እዚህ ልጄ አሥረኛ ክፍል ሆኖ ሲ ይዞ ሲመጣ «ግድ የለም፣ ዋናው ፈተናው ላይ ነው» ያልኩት እኔው ነኝ። እዚህ ፈተናው ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ዘጠነኛ ክፍል በገባ በመጀመሪያው ቀን መቆጠር ይጀምራል።

ስኮላርሺፖቹ ሁለት ናቸው። ሆፕ እና ዜል ሚለር። ሆፕ የተጀመረው በ1993 ነው፤ ገንዘቡ የሚመጣው ከጆርጂያ ሎተሪ ነው። ባለቤቴ ነዳጅ ማደያ ካሸር ነው። ማታ ማታ ሰው አሥር ዶላር እያወጣ ሎተሪ ሲፍቅ ያያል። «የልጄን ቱይሽን እየከፈሉልኝ ነው» እያለ ይቀልዳል። ግን ቀልድ አይደለም፣ እውነቱን ነው።

ለሆፕ የፈተና ውጤት አይጠየቅም። 3.0 ጂፒኤ (የሃይስኩል አማካይ ውጤት) እና አራት ከበድ ያሉ ኮርሶች ይበቃሉ። ለዜል ሚለር 3.7 ጂፒኤ፣ እነዚያው አራት ኮርሶች፣ በተጨማሪም ኤስኤቲ 1200 ወይም ኤሲቲ በሚባለው ሌላው የመግቢያ ፈተና 25 ያስፈልጋል። ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ሆኖ የሚመረቅ ልጅ 3.0 እና ኮርሶቹ ካሉት በሌላ መንገድ ይገባል፤ እሱን ለታደሉት እንተወው።

«ታዲያ ልዩነቱ ምንድነው?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ከ2023 መኸር ጀምሮ ሆፕም በመንግሥት ኮሌጆች ቱይሽኑን ሙሉ በሙሉ ይከፍላል። የመጀመሪያው ልጄ በገባበት ዘመን ግን ሆፕ ሙሉውን አይከፍልም ነበር። በየሴሚስተሩ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ከኪሳችን እንጨምር ነበር፤ በአራት ዓመት ሲደመር ስንት እንደሚመጣ አስቡት። ሆፕ ሙሉ መክፈሉን ያቆመው በ2011 ነው። የሎተሪው ገንዘብ ወጪውን አልሸፍን ሲል ስቴቱ ሆፕን ቀነሰና ለከፍተኛ ተማሪዎች ዜል ሚለርን ፈጠረ። ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚነካው የትኛው እንደሆነ ታይቷል። የግል ኮሌጅ ለሚያስብ ልጅም የዜል ሚለር ክፍያ ከሆፕ ይበልጣል። እኔ ዛሬም ለዜል ሚለር ሩጡ ነው የምለው።

አሁን ወደ ጂፒኤው። ብዙ ሰው የሚወድቀው ፈተናው ላይ ሳይሆን እዚህ ነው።

ልጄ አሥረኛ ክፍል ስትጨርስ ሪፖርት ካርዷ 3.92 ይል ነበር። ደስ ብሎን ተቀምጠን ሳለ ጂኤ ፊውቸርስ የሚባለውን የስቴቱን ድረ ገጽ ከፈትኩ። እዚያ 3.64 ይላል። የሌላ ሰው ልጅ የገባብን መሰለኝ። ስህተት የለበትም። ስቴቱ የትምህርት ቤቱን ጂፒኤ አያይም፣ የራሱን ይሠራል። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ሶሻል ስተዲስ እና የውጭ ቋንቋ ብቻ ይቆጥራል። ስፖርቱ፣ መዝሙሩ፣ ጤናው ይወጣል። እነዚያ ደግሞ ለልጄ ኤ በኤ ነበሩ። ኦነርስ ለሚባለው ከበድ ያለ ክፍል ትምህርት ቤቱ የጨመረላት ነጥብም ይወጣል። ወድቆ የደገመው ኮርስ ካለ ሁለቱም ውጤት ይገባል፤ የተሻለው ብቻ አይደለም። እና 3.69 ማለት 3.7 ማለት አይደለም። ወደ ላይ አያጠጋጉም።

ማድረግ ያለባችሁ ይሄ ነው። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል እያለ ጂኤ ፊውቸርስ ላይ አካውንት ይክፈት። በየዓመቱ መጨረሻ አብራችሁት ቁጭ ብላችሁ የሆፕ ጂፒኤውን እዩ። እዚያው ቦታ ላይ ከአራቱ ከባድ ኮርሶች ስንቱን እንደጨረሰም ያሳያል። ከባድ የሚባሉት ከፍ ያለ ሒሳብ፣ ከፍ ያለ ሳይንስ፣ ከፍ ያለ የውጭ ቋንቋ፣ እንዲሁም በዋና ዋና ትምህርቶች የሚሰጡ ኤፒ፣ አይቢ (ሃይስኩል ውስጥ በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጡ ናቸው) እና የኮሌጅ ኮርሶች ናቸው። ዝርዝሩ ድረ ገጹ ላይ አለ። ካውንስለሩ (የትምህርት ቤቱ አማካሪ) ይነግረኛል ብላችሁ አትቀመጡ። አንድ ካውንስለር በመቶ የሚቆጠር ልጅ ይዞ የእናንተን ልጅ ነጥብ ሲከታተል አያድርም። ደግ ቢሆንም።

3.64ን እንዴት አነሳነው? ስቴቱ የትምህርት ቤቱን ጉርሻ ቢያወጣም፣ ለኤፒ፣ ለአይቢ እና ለኮሌጅ ደረጃ ኮርሶች የራሱን ግማሽ ነጥብ ይጨምራል። በእነዚህ ኮርሶች ቢ ያመጣች ልጅ 3.0 ሳይሆን 3.5 ይቆጠርላታል። ኤ ግን ያው 4.0 ነው። ኦነርስ ምንም አይጨመርለትም። ስለዚህ ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ሁለት ኤፒ ወሰደች። አሥራ ሁለተኛ ላይ ደግሞ ክላርክስተን ያለው የጆርጂያ ስቴት ፔሪሜትር ካምፓስ ሄዳ እንግሊዝኛ ተማረች፤ ሃይስኩል እያሉ የኮሌጅ ኮርስ መውሰዱን ዱዋል ኢንሮልመንት ይሉታል። ቱይሽኑን ስቴቱ ነው የሚከፍለው። ስትመረቅ 3.73 ሆነች። የጠበበ በር ነበር፣ ግን አለፈች። ያልበረታ ልጅ ላይ አምስት ኤፒ መጫን ደግሞ አያዋጣም። ግማሽ ነጥብ ተጨምሮለትም ሲ ያው 2.5 ነው።

ወደ ፈተናው ልምጣ።

ኤስኤቲ ከ400 እስከ 1600 ነው። አሜሪካ ውስጥ ከማርች 2024 ጀምሮ ወረቀቱ ቀርቶ በኮምፒውተር ሆኗል። ብሉቡክ የሚባል አፕ ላይ ነው የሚፈተኑት። ሁለት ክፍል አለው። ንባብና ጽሑፍ 54 ጥያቄ በ64 ደቂቃ፣ ሒሳብ 44 ጥያቄ በ70 ደቂቃ። መሐል ላይ 10 ደቂቃ እረፍት አለ። እያንዳንዱ ክፍል ለሁለት ይከፈላል፤ የሁለተኛው ክብደት የሚወሰነው በመጀመሪያው ላይ በሠሩት ነው። መጀመሪያው ላይ የተዝረከረከ ልጅ ሁለተኛው ቀላል ይመጣለታል፤ ይሄ ደስ አይበለው፣ ጣሪያው ዝቅ ብሎበታል ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ግማሽ ላይ ችኮላ አይጠቅምም። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም፤ ባዶ የሚተው ጥያቄ እንዳይኖር። ሒሳቡ ላይ ዴስሞስ የሚባል ግራፍ የሚሠራ ካልኩሌተር አፑ ውስጥ አለ። ልጄ ብዙ ጥያቄ በሱ ነው የፈታችው። አጠቃቀሙን ቤት ውስጥ መልመድ ግን ግድ ነው።

ለጥናት ገንዘብ አላወጣንም። የመጀመሪያው ልጅ ላይ ለቅዳሜ ኮርስ ከፍለን ነበር። ምን እንደጠቀመው እስካሁን አልገባኝም። ለልጅቷ ካን አካዳሚ የሚባለው ድረ ገጽ እና ብሉቡክ ውስጥ ያሉት ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች በቁ። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ዋናው ልምምዱን ልክ እንደ ፈተናው ማድረግ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ስልክ እኔ ጋ፣ ሰዓቱ እየቆጠረ። የኛ ቤት ቴሌቪዥን አይጠፋም፣ እንግዳ አይጠፋም፤ ስለዚህ ክላርክስተን ቤተ መጻሕፍት እወስዳት ነበር። ከዚያ የሳተችውን ጥያቄ ለምን እንደሳተች በደብተር ትጽፋለች። ያ ደብተር ነው ነጥቡን ያመጣው። የሁለቱም ልጆቼ ድክመት እንግሊዝኛው ላይ ነበር፣ እዚህ አድገውም ቢሆን። የኛን ልጆች ሒሳብ አያስፈራቸውም፤ ረጅም አንቀጽ ግን ያደክማቸዋል። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ንባብ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ። ለዚህ ሌላ መድኃኒት አላገኘሁም።

የፈተና ቀን አመራረጥ ላይ የሠራሁትን ጉድ ልንገራችሁ። የካቶሊኩን ፋሲካ አይቼ «አልፏል» ብዬ ሜይ 4 ቀን 2024 አስመዘገብኳት። የኛ ፋሲካ ሜይ 5 ነበር። ልጄን ለቅዳም ሹር ነው ያስመዘገብኳት! ስግደቱ፣ አክፍሎቱ፣ ሌሊት ቅዳሴው፣ በዚያ ላይ ፈተና። የንስሐ አባታችን ስቀው ቁርስ እንድትበላ ፈቀዱላት፤ እሷ ግን አሻፈረኝ አለች። 1170 አመጣች። ቀጥሎ ኦገስት 24 ላይ፣ ፍልሰታ በተፈታ በሁለተኛው ቀን፣ ጥሩ በልታ ጥሩ ተኝታ ተፈተነች። 1250። በአንድ ቁጭታ። እልል ከማለቴ በፊት ሦስት ጊዜ አየሁት። ሁለቱንም ካላንደር ጎን ለጎን አስቀምጡ። በሃይማኖት ምክንያት ቅዳሜ መፈተን የማይችል ልጅም እሑድ የሚፈተንበት አሠራር አለ፤ ከእምነት አባት ደብዳቤ ይጠይቃሉ።

እኔ የምመክረው የመጀመሪያ ፈተና አሥራ አንደኛ ክፍል ማርች ላይ፣ ሁለተኛው ኦገስት ላይ ነው። ከሁለቱ ካልመጣ ለሦስተኛው መኸሩ አለ። ከምረቃ በፊት ማለቅ አለበት። መመዝገቢያው 68 ዶላር ነው። ልጁ በትምህርት ቤት የነፃ ወይም የቅናሽ ምሳ ተጠቃሚ ከሆነ ግን ካውንስለሩን የክፍያ ምሕረት ይጠይቅ፤ ሁለት ፈተና በነፃ ያገኛል። እናፍራለን እኛ። የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ የተፈቀደ ነው።

አንዴ 1200ን ካለፈ በኋላስ? ለዜል ሚለር 1200ም 1500ም እኩል ናቸው። ልጃችሁ ጆርጂያ ቴክ ወይም ዩጂኤ (የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ) ካላሰበ በስተቀር፣ አርፎ ጂፒኤውን ይጠብቅ። ቴክ ለሚያስብ ልጅ ደግሞ 1200 የትም አያደርስም፤ እዚያ የሚገቡት አብዛኞቹ ከ1400 በላይ ናቸው። ኦክቶበር ላይ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሰጠው የኤስኤቲ መለማመጃ፣ ፒኤስኤቲም አለ። አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ የሚወሰደው ናሽናል ሜሪት ለሚባለው ስኮላርሺፕ ይቆጠራል። ጎበዝ ልጅ ካላችሁ ያን ቀን ቀላል አድርጎ እንዳያየው።

ውጤቱ ወጣ ማለት ደግሞ ስቴቱ አየው ማለት አይደለም። ስኮላርሺፖቹን ለሚያስተዳድረው ለጆርጂያ ስቱደንት ፋይናንስ ኮሚሽን መላክ አለበት። ሲመዘገቡ አራት ቦታ በነፃ ይላካል፤ ከፈተናው በኋላ እስከ 9 ቀን ድረስ መምረጥ ይቻላል። ከአራቱ አንዱ ኮሚሽኑ ይሁን።

ከዚያ የስም ጣጣ። የኛ ሰው ሁሉ ይሄን ያውቀዋል። ግሪን ካርዱ ላይ የልጁ የመጨረሻ ስም የአያት ነው። ትምህርት ቤት ሲመዘገብ የአባቱን ጻፉ። ቤተ ክርስቲያን የሚያውቁት በክርስትና ስም ነው። ቴዎድሮስን አንዱ በ«ቲ» ይጀምራል፣ ሌላው «ኤች» ይጨምርበታል። የልጄ የኤስኤቲ አካውንት በአባቷ፣ ጂኤ ፊውቸርሱ በአያቷ ስም ነበር። 1250ዋ የት እንደገባች ሳናውቅ ሳምንታት አለፉ። እኔ በየጠዋቱ ከሽፍት ስወጣ ስልኬ ላይ እከፍታለሁ፣ የለም። በመጨረሻ ስልክ ደውለን፣ ሰነድ ልከን ተስተካከለ። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን አውጡና እዚያ ላይ እንዳለው፣ ፊደል ሳይጎድል፣ ሁሉም ቦታ አንድ አድርጉት። ኤስኤቲ፣ ጂኤ ፊውቸርስ፣ ፋፍሳ (የፌደራሉ የኮሌጅ ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ)፣ የኮሌጅ ማመልከቻ። የትውልድ ቀኑንም እዩ። ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ በአንድ ሳምንት የተዛባ ስንት ወረቀት አለ።

ነጥቡ ሁሉ ቢኖር ወረቀቱ የሚያስቀር ልጅም አለ። ተማሪው ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ በሪፊውጂነት የመጣ ወይም አሳይለም የተፈቀደለት መሆን አለበት። አሳይለም ጠይቆ ገና ውሳኔ የሚጠብቅ አይገባም፤ ቲፒኤስም (ጊዜያዊ የመቆያ ፈቃድ) አይበቃም። ይሄን ስነግራቸው የሚያዝኑ ጎረቤቶች አሉኝ፣ ግን አስቀድሞ ማወቁ ይሻላል። ነዋሪነትም ይቆጠራል። ሃይስኩል ሲመረቅ የጆርጂያ ነዋሪ የነበረ ልጅ ኮሌጅ ከመጀመሩ በፊት 12 ወር፣ ያልነበረ 24 ወር መኖር አለበት። ከዲሲ ቤት ረከሰ ብላችሁ ወደ አትላንታ የምትመጡ፣ ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት ኑ።

ማመልከቻው ራሱ ቀላል ነው። ፋፍሳ መሙላት ይበቃል። ፋፍሳ መሙላት ያልፈለገ የጆርጂያን የራሷን አጭር ማመልከቻ ይሞላል፤ አንዴ ከሞሉት 10 ዓመት ያገለግላል። ሆፕና ዜል ሚለር የቤተሰብ ገቢ አይጠይቁም። «እኛ ብዙ እናገኛለን፣ አይሰጡንም» ብሎ የተወ ሰው አውቃለሁ፤ ልጁ 3.8 ነበረው። እኔ ግን ፋፍሳውን ሙሉ እላለሁ። እነዚህ ስኮላርሺፖች ቱይሽን ብቻ ነው የሚከፍሉት። መኝታ፣ ምግብ፣ መጽሐፍና የኮሌጁ ልዩ ልዩ ክፍያዎች በናንተ ላይ ናቸው። ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ልጅ ከፋፍሳው ፔል ግራንት የሚባል የማይመለስ የፌደራል እርዳታ ሊያገኝ ይችላል። በ2025-26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። ያ ከሆፕ በላይ ተደርቦ ይመጣል፤ ለመኝታና ለመጽሐፍ ይሆናል። እናትና አባት ዜጋ ባይሆኑም ልጁ ከሆነ ፋፍሳው ይሞላል።

ከገባ በኋላም አላለቀም። 30፣ 60 እና 90 ክሬዲት ላይ ሲደርስ ቆመው ያዩታል። ለሆፕ 3.0፣ ለዜል ሚለር 3.3 ይዞ መገኘት አለበት። ከ3.3 ወርዶ 3.0 ላይ ያለ ልጅ ወደ ሆፕ ይወርዳል እንጂ ሜዳ ላይ አይቀርም። አንዴ አጥቶ አንዴ መመለስም ይቻላል። ሁሉም የኮሌጅ ኮርስ ይቆጠራል፣ ስፖርቱም ጭምር። ለዚህ ነው ልጄን የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ሁሉንም ከባድ ኮርስ አትከምሪ ያልኳት።

አልሰማችኝም። ካልኩለስና ኬሚስትሪን ባንድ ላይ ወሰደች። ካልኩለሱ ኤ ሆነ፤ ስለ ኬሚስትሪው እስካሁን ስጠይቃት «እማዬ፣ ተይኝ» ነው መልሷ።